«ትልቅ ሰው በመኪና ይጫወታል እንዴ?» ለምትሉኝ ሁሉ

 ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል። ቡና ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። መሳደብ የምትፈልጉ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ተሳደቡ። የምለምናችሁ ይህችን ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ፒያሳ ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ጀበና ቡና ቤት ተቀምጠን፣ ከኪሴ አንዲት መኪና አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ከአመልካች ጣቴ ብዙም የማትረዝም፣ አካሏ ብረት የሆነ፣ ጎማዋ በደንብ የሚሽከረከር። ዶጅ ኤ 100 ትባላለች። የ1966 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ቫን ናት፤ ማለቴ የእሷ ትንሽ ቅጂ ናት። አሜሪካ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ለእረፍት ሲመጣ ያመጣልኝ ነው።

አንደኛው ጓደኛዬ አየት አደረጋትና፣ «አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ሚስት አግባ፣ ከዚያ ለልጅህ ትገዛለህ» አለኝ። ሁለተኛው «በዚህ ኑሮ ላይ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛው ምንም አላለም። መኪናዋን አነሳ፣ ገለባበጣት፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወደ ስኳሩ ዕቃ ገፋ አደረጋት። ቀስ ብሎ፣ ማንም የማይሰማው መስሎት፣ «ቭርርርር» አለ። ሰውየው ከአርባ ዓመት በላይ ነው። የሂሳብ መምህር ነው። የሦስት ልጆች አባት ነው።

ማታ የሰበሰብኳቸውን 23 ቫኖች ፎቶ አንስቼ እዚህ ለጠፍኩ። ከዚያ በኋላ በውስጥ መስመር የመጣልኝን ልቁጠረው ብል አያልቅም። «ቲቸር ምነው ደህና አይደለህም?» ያለኝ ተማሪዬም አለ። ደህና ነኝ የኔ ልጅ። ዛሬ መልስ ልስጥ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ለማታውቁ። ዳይካስት የሚባለው የቀለጠ የዚንክ ቅይጥ በብረት ሻጋታ ውስጥ በግፊት ተጨምሮ የሚሠራ ትንሽ መኪና ነው። ብዙዎቹ የእውነተኛው መኪና አንድ ስልሳ አራተኛ ናቸው። እኔ የምሰበስበው ከነዚህ ውስጥ የድሮ የአሜሪካ ቫኖችን ነው። የ1961 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ተብሎ የወጣውን ፎርድ ኢኮኖላይን፣ በ1964 የመጡትን ዶጅ ኤ 100 እና ቼቪ ቫን፣ ከነሱ በኋላ የመጡትን ትልልቆቹን ደግሞ። ድሮ ዘ ኤ ቲም የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ያያችሁ፣ ያቺን ጥቁርና ግራጫ ሆና ቀይ መስመር ያላትን ታስታውሷታላችሁ። ጂኤምሲ ናት። እሷም አለችኝ።

ለምን ቫን? ለምን ፌራሪ አይሆንም? የሚለኝ ብዙ ነው። ምክንያቱም ፌራሪ ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም፤ ቫን ውስጥ ግን ነው ያደግኩት። የነዚያ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ቫኖች አፍንጫ የላቸውም፤ ፊታቸው እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። ሞተሩ የተቀበረው በሹፌሩና በጋቢናው መሀል ነው። አሁን ይሄ የምን መኪና ትዝ ይላችኋል? ጃፓኖች በ1967 (እ.ኤ.አ.) ማምረት የጀመሩት ቶዮታ ሃይስም ሞተሩ ከፊት ወንበር ስር ነው። ከሀዋሳ ሻሸመኔ ጋቢና ተቀምጦ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ስትወርድ ግን መቀመጫህ ተጠብሷል። ያቺን ዶጅ መጀመሪያ ሳያት የዘመድ ፊት ያየሁ ነው የመሰለኝ።

ደግሞ ሥራቸውም አንድ ነው። የአሜሪካ ቫን የተሠራው ለቅንጦት አልነበረም። ዳቦና ወተት ያመላልስበታል፣ የቧንቧ ሠራተኛው ዕቃውን ይጭንበታል። በኋላ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወጣቶቹ በርካሽ እየገዙ ጎኑ ላይ ሥዕል አሣሉበት፣ ውስጡን ምንጣፍ አለበሱት፣ ቴፕ ገጠሙበት። የኛ ሹፌሮችስ? መጋረጃ፣ ጣሪያው ላይ ጨርቅ፣ መስተዋቱ ላይ የሚንጠለጠል ነገር፣ ከኋላ የኳስ ቡድን ስም፣ ውስጥ ደግሞ ተሳፋሪን የሚያስቅና የሚያናድድ ጥቅስ። በሁለቱም አገር የሥራ መኪና የያዘ ወጣት ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ «ይህች የኔ ናት» ማለት።

እሺ፣ አሁን ወደ ክሱ ልግባ። ክሱ ሦስት ነው። የልጅ ነገር ነው፤ የፈረንጅ ቅብጠት ነው፤ በዚህ ኑሮ አይገባም። አራተኛ ክስ ደግሞ አለ። እሱን ማንም አላቀረበብኝም፤ ራሴ ነኝ በራሴ ላይ የማቀርበው።

አንደኛው፣ «የልጅ ነገር ነው።»

ልክ ናችሁ፣ የልጅ ነገር ነው። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ጃክ ኦዴል የሚባል የሌስኒ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። የልጁ ትምህርት ቤት አንድ ደንብ ነበረው፤ ተማሪ ወደ ክፍል መጫወቻ ይዞ መግባት የሚችለው መጫወቻው ክብሪት ሳጥን ውስጥ የሚገባ ከሆነ ብቻ ነው። አባትየው ምን አደረገ? ልጁን አልተቆጣም፣ ትምህርት ቤቱንም አልከሰሰም። ክብሪት ሳጥን ውስጥ የምትገባ የመንገድ መዳመጫ መኪና ከነሐስ ሠራላት። የክፍሏ ልጆች ሁሉ «እኔም እፈልጋለሁ» አሉ። ኩባንያው በ1953 (እ.ኤ.አ.) ማችቦክስ ብሎ ማምረት ጀመረ። ማችቦክስ ማለት እኮ የክብሪት ሳጥን ማለት ነው። ዓለምን ያዳረሰ ኢንዱስትሪ ከአንድ የትምህርት ቤት ደንብና ልጁን ከሰማ አባት ወጣ። አሜሪካኖቹ ሆት ዊልስን ይዘው የመጡት ከ15 ዓመት በኋላ በ1968 ነው። ከመጀመሪያዎቹ 16 መኪኖቻቸው አንዷ ዴኦራ ትባላለች፤ መሠረቷ ያቺው ዶጅ ኤ 100 ናት።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነበው እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ እያስተማርኩ ነበር። ርዕሱ ሰበቃ፣ ያው ፍሪክሽን የምንለው ነው። ሰሌዳው ላይ ቀመሩን እጽፋለሁ። ከኋላ በኩል «ሽርት» የሚል ድምፅ ይሰማል። ዞር ስል ዝም። መጻፍ ስጀምር እንደገና «ሽርት»። በሦስተኛው ደርሼ ያዝኩት። ጠረጴዛው ስር አንዲት ሃይስ ይዟል። ራሱ የሠራት። አካሏ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ሻንሲዋ ሽቦ፣ ጎማዋ ከነጠላ ጫማ የተቆረጠ። ፖርቶመጋላ አላት። ታፔላ አላት፤ በእስክሪፕቶ «ሻሸመኔ» ተብሎ ተጽፎባታል። እና በሯ ይንሸራተታል! እንደ እውነተኛዋ በሽቦ ሐዲድ ላይ ወደ ኋላ ይሄድና ይመለሳል። «ሽርት» የሚለው እሱ ነው።

ምን አደረግኩ? ነጠቅኩት። «አንተ አሁን ስንተኛ ክፍል ነህ? ሕፃን ነህ?» ብዬ ክፍሉን ሁሉ አሳቅኩበት። መኪናዋን መምህራን ማረፊያ ክፍል መስኮት ላይ አስቀመጥኳት። ሴሚስተሩ ሲያልቅ እመልስለታለሁ ብዬ ነበር። ረሳሁት። እረፍት ላይ ክፍሉ ሲጸዳ ከቆሻሻው ጋር ተጠርጋ ሄደች። ልጁ አልጠየቀኝም። እኔም አላነሳሁትም።

በኋላ ላይ አብሮት ይቀመጥ የነበረ ልጅ ነው የነገረኝ። በሩ መጀመሪያ ይይዝበት ነበር አሉ፤ ሐዲዱን ሻማ ሲቀባው እሺ አለ። ሻማ! እኔ ሰሌዳ ላይ ስለ ሰበቃ ቀመር ስጽፍ፣ እሱ ጠረጴዛው ስር ሰበቃን በሻማ እየቀነሰ ነበር። በዚያች ሰዓት በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ሰበቃ የገባው አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ዜሮ አምስት ከአስር ሰጥቼዋለሁ ደግሞ፣ በሙከራው።

የእንግሊዙ ትምህርት ቤት «ክብሪት ሳጥን ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግባ» አለ። እኔ «ጭራሽ እንዳላይ» አልኩ። እኔ ብቻም አይደለሁም። መምህራን የሆናችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እስቲ በሐቀኝነት እንነጋገር። በሙያችን ዘመን ስንት የሽቦ መኪና፣ ስንት የወረቀት አውሮፕላን፣ ስንት ከቆርኪ የተሠራ ነገር ነጥቀናል? የት አደረስነው? ለምን ብለንስ ነው? ትምህርታቸውን እንዲከታተሉ። እሺ፣ ተከታተሉ ወይ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። መጫወቻውን ነጥቀን ያተረፍነው ይህን ከሆነ፣ መጫወቻውን ብንተውላቸው ከዚህ የባሰ ምን ይመጣ ነበር? የሽቦ መኪና ፈተና ያሳልፋል እያልኩ አይደለም። ግን አንድን ልጅ ከእጁ ላይ ያለውን ዕውቀት ነጥቀን ወደ ጆሮው ሌላ ዕውቀት እናስገባለን ማለታችን ከንቱ ነው።

ሁለተኛው፣ «የፈረንጅ ቅብጠት ነው።»

ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ። የሽቦ መኪና የማን ነው? ፈረንጅ አስተማረን? እዚህ ሀዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ስር እስከ አሞራ ገደል፣ የኛ ዘመን ልጅ ሆኖ የሽቦ መኪና ያልነዳ ካለ እጁን ያውጣ። ረጅሙን ሽቦ ትከሻህ ላይ አድርገህ፣ ጫፉ ላይ መሪ አብጅተህ፣ ወደ ሐይቁ እየሮጥክ። ፍሬን የለው፣ ቦሎ የለው፣ ሊብሬ የለው። ትንሽ ቅጂ መሥራት የሰው ልጅ ሁሉ ነገር ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሌላው የሠራውን ያስቀምጣል፤ እኛ እንጥላለን።

ፊሊፒኖችን እዩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ጦር ጥሎት የሄደውን ጂፕ አስረዝመው፣ ቀለም ቀብተው፣ ጂፕኒ የሚባል ታክሲ አደረጉት። ዛሬ ማኒላ የሄደ እንግዳ ትንሽ ጂፕኒ ሳይገዛ አይመለስም። ህንዶች ያችን እኛ ባጃጅ የምንላትን ባለ ሦስት እግር በመጫወቻ መልክ ለራሳቸው ልጆች ይሸጣሉ። የለንደን ቀዩ ባለ ፎቅ አውቶብስ የማን ቤት መደርደሪያ ላይ የለም?

እኛስ? አየር መንገዳችን በ2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ ድሪምላይነር ሲያስገባ ትንሿ ቅጂዋም አብራ መጣች። ዛሬ የትኬት ቢሮ ብትገቡ ጠረጴዛው ላይ አለች። ጥሩ ነው፣ ኩራታችን ነው። ግን ስንቶቻችን ነን ድሪምላይነር የተሳፈርነው? በየቀኑ ትከሻ ለትከሻ ተጠባብቀን የምንሄድበት ታክሲስ የት አለ? የማን ጠረጴዛ ላይ ነው?

መኪና አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ቁጠሩት። አዲስ አበባ ውስጥ ፊያት ሴይቼንቶ ታክሲ ነበረች፤ አሁን ለልጆች ንገሯቸው፣ የምግብ ስም ይመስላቸዋል። ውይይት ነበረ፤ ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበር ያለው፣ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት፣ በዚያው ምክንያት ስሙ የወጣለት። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ስሄድ ተሳፍሬበታለሁ፤ አንዲት እናት ጉልበታቸው ከጉልበቴ እየተጋጨ እስከ መውረጃዬ ድረስ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቀውኛል። ላዳ ነበረች። ሎንቺና ነበረ። እዚህ ሀዋሳ ደግሞ ባጃጅ ከመምጣቱ በፊት ጋሪ ነበር። ፈረሱ፣ ጎማው፣ ጅራፉ፣ ከጋሪው ላይ ያለው ጥላ። አሁን ከተማ ውስጥ የተወለደ ተማሪዬን «ጋሪ ሣልልኝ» ብለው የገበያ ማዕከል ውስጥ ዕቃ የሚገፋበትን ነው የሣለልኝ።

የሚገርመው ቃሉን ጠብቀነዋል። ጋቢና፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ፖርቶመጋላ፣ ካቻቪቴ፣ ሁሉም ከጣልያን የመጣ ነው፤ በአፋችን ይዘነው እዚህ ደርሰናል። በእጃችን የያዝነው ግን የለም። ይህን ስል ማንም አልጠበቀም ማለቴ አይደለም። ድሬዳዋ የሄደ ሰው የድሮውን የባቡር ጣቢያና ወርክሾፕ ከነአሮጌ ባቡሮቹ ማየት ይችላል። ይቻላል ማለት ነው! ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል።

አሁን ደግሞ ተራው የሃይስ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱን አልቃወምም፣ ጭስ ናፍቆኝም አያውቅም። ግን ዛሬ የቤት መኪና ከሆነ ነገ የታክሲው ተራ መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ዶልፊን፣ አባዱላ የምንላቸው ሁሉ አንድ ቀን አይኖሩም። ብረታቸው ተቆራርጦ ይቀልጣል። ያኔ አንድ ልጅ «አባዬ፣ ታክሲ ምን ይመስል ነበር?» ቢላችሁ ምን ታሳዩታላችሁ? ስልክ ላይ ያለ ፎቶ? ፎቶ እኮ በሩን ከፍታችሁ አታሳዩበትም። ያ በር እንዴት እንደሚዘጋ፣ ረዳቱ እጁን ጠምዝዞ በአንዴ «ጓ» እንደሚያደርገው፣ አንተ ስትዘጋው ግን ሦስቴ ተመላልሰህ ሹፌሩ «ቀስ! ፍሪጅ አይደለም!» እንደሚልህ፤ በሩ ጋ ያለችው ተጣጣፊ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ለወራጅ ሁሉ እየተነሳ መንገዱን በቁሙ እንደሚጨርስ፤ ይህን ሁሉ ለማስረዳት የሚነካ ነገር ያስፈልጋል። ያ ልጅ የሠራት ሃይስ ይህን ሁሉ ታስረዳ ነበር። እኔ ነኝ የጣልኳት።

ሦስተኛው፣ «በዚህ ኑሮ!»

ይህን ክስ አላቃልልም። የመምህር ደሞዝ ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ታዝኑና ማንበብ ታቆማላችሁ። ከ23ቱ ቫኖች 14ቱ ስጦታ ናቸው፤ ውጭ ያሉ ተማሪዎቼ ያመጡልኝ። አራቱን ከልባሽ ዕቃ ክምር ውስጥ ነው ያገኘኋቸው፤ ሻጩ ዋጋቸውን ስለማያውቅ እያንዳንዳቸውን በሻይ ዋጋ ሰጠኝ። አምስቱን በገንዘቤ ገዝቻለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን አንድም አልገዛሁም። አልችልም። ሲጋራ አላጨስም፣ ጫት አልቅምም፣ ቤቲንግ አልቆርጥም። ቅዳሜ «በዚህ ኑሮ» ያለኝ ጓደኛዬ ኪሱ ውስጥ የኳስ ውርርድ ትኬት እንዳለ አይቻለሁ። ወንድሜ፣ የኔ መኪና ቢያንስ እሑድም ትኖራለች።

ነገር ግን ቁም ነገሩ ይሄ አይደለም። የሰርዲን ቆርቆሮ ስንት ነው? ሽቦ ስንት ነው? ያለቀ ነጠላ ጫማ ስንት ነው? ኑሮ ውድ ነው ብሎ ልጅን በባዶ እጁ የሚሠራውን መከልከል ምን የሚሉት ሂሳብ ነው? ኑሮ ከከበደን እኮ ነው ከምንም ነገር አንድ ነገር የሚሠራ ልጅ የሚያስፈልገን።

አራተኛው፣ የራሴ ክስ።

23 ቫን አለኝ። ኢኮኖላይንን ከኤ 100 በፋኖሱ ብቻ እለይልሃለሁ። ግን ከ23ቱ አንድም ታፔላ ያለው የለም። አንድም ረዳት በመስኮት የወጣበት የለም። የሰው አገር ትዝታ አቧራ እየጠረግኩ የራሴን አገር ትዝታ በጠራራ ፀሐይ ከቆሻሻ ጋር ሰድጃለሁ። አሜሪካኖቹን መውቀስ አልችልም፤ እነሱ የራሳቸውን ጠብቀዋል። የኔን ማን ይጠብቅልኝ?

ስለዚህ ባለፈው ሰኞ ከሥራ በኋላ ልጁን ፍለጋ ሄድኩ። አሁን ልጅ አይደለም፣ ሰው ሆኗል። መናኸሪያ አካባቢ ብረታ ብረት ቤት ነው የሚሠራው። ላሜራ እየቆረጠ አገኘሁት። ገና ሲያየኝ ማሽኑን አጠፋና «ቲቸር! እንዴት ነዎት?» ብሎ ክርኑን ሰጠኝ፣ እጁ ግራሶ ስለነበር። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ይቅርታ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ምን እንደምል አልገባውም መሰለኝ፣ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ፣ «እሷ… በሯ ተንሸራታች ነበር» አለ። ይህን ብቻ።

«ሌላ ትሠራልኛለህ? እከፍልሃለሁ» አልኩት። ሳቀ። «ቲቸር፣ አሁን ጊዜ የት አለ? ሰው የሚፈልገው በርና መስኮት ነው» አለኝ። በሩ ላይ ያለውን አየሁት። ትልቅ የግቢ በር ነው፤ ተንሸራታች። በአንድ ጣት ገፋ አደረገውና እስከ ጫፍ ሄደ። ድምፅ የለውም። ሻማ ቀብቶት ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ለመጠየቅ አፈርኩ።

አንዳንዶቻችሁ «ይኸው ሰው ሆኗል፣ እንጀራውን ያበስላል፣ ምን ጎደለበት?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ በእጁ ያድራል፣ ከኔም የተሻለ ያገኛል። ግን ያ የሆነው በኔ ምክንያት አይደለም፤ እኔ እያለሁ ነው። ደግሞ ስንቶቹ ናቸው ክፍል ሲስቅባቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው የቀሩት? እነሱን መናኸሪያ ሄጄ አላገኛቸውም።

አሁን ወደ ልመናዬ።

መምህራን፦ ክፍል ውስጥ የሠራውን ነገር የያዘ ተማሪ ስታገኙ፣ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጡት። ደወል ሲደወል ግን «ና፣ ይህን እንዴት ሠራኸው?» ብላችሁ ጠይቁትና መልሱለት። ሁለት ደቂቃ ነው። እኔ ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ይህን አደርጋለሁ፤ ካላደረግኩ ተማሪዎቼ እዚህ ገጽ ላይ አጋልጡኝ።

ወላጆች፦ ቤት ስታጸዱ የሽቦውን ነገር ከመጣላችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት። ለናንተ ቆሻሻ ነው፤ ለሱ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ ገራዥ ያላችሁ፦ አሮጌ ታፔላ፣ የተነቀለ ጥቅስ፣ የወለቀ አርማ ካላችሁ አትጣሉት። ፒያሳ አምጡልኝ፣ ቡና በኔ ነው።

የሽቦ ወይም የቆርቆሮ መኪና የምትሠሩ ልጆች፦ መደርደሪያዬ ላይ ሁለተኛውን ረድፍ ትናንት ማታ ባዶ አድርጌዋለሁ። አሜሪካኖቹን ወደ ላይ አጠጋግቻቸዋለሁ፤ አይከፋቸውም። ታክሲ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ቅጥቅጥ፣ የፈለጋችሁትን ሥሩ። የሠሪው ስምና ቀን አብሮ ይጻፋል። አልነጥቅም፤ በደረሰኝ ነው የምረከበው። ስትፈልጉ ትወስዱታላችሁ።

ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ ስለ እስካሁኑ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ግን ቫን አታምጡልኝ። የምትመጡ ከሆነ ትናንሽ ፒንሳና የቆርቆሮ መቀስ አምጡልኝ፤ ለልጆቹ አከፋፍላቸዋለሁ።

በሉ፣ አሁን ተሳደቡ። ቅዳሜ እዚያችው ቡና ቤት ነኝ። የሂሳብ መምህሩም ይመጣል፤ ዶጇን ይዘህ ና ብሎኛል።